የመስከረም 1 አለርጂ

በጅማ ሂርማታ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት በፋርማሲስትነት ስሠራ፣ በኮምፒውተር የተከማቸውን የ2015 እና የ2016 ዓ.ም. የሽያጭ መዝገብ መሠረት አድርጌ የአለርጂ መድኃኒት አጠቃቀምን ለማጥናት ተነሣሁ። የባለቤቱን ፈቃድ አግኝቼ የደንበኞችን ስምና ስልክ ከሰረዝሁ በኋላ የቀረው ሥራ መደመር ብቻ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ግራፍ መስከረም 1 ቀን 2016 ላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። ክረምቱ ሲያልፍና አደይ አበባ ሲፈነዳ ብናኙ አፍንጫና ዓይን እንደሚያስቆጣ የሚያትት አንድ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ጻፍሁ፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼበትም ነበር። በበዓሉ ዕለት ዝግ እንደነበርን ያስታወሰችኝ ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። እርሷ ቀኑን የምታስገባው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ሶፍትዌሩ የተሠራው ለፈረንጆቹ ስለሆነ 13ኛ ወር አያውቅም፤ በመሆኑም የስድስቱንም የጳጉሜን ቀናት ሽያጭ መስከረም 1 ላይ ትከምረው ነበር። ሁለተኛው ወር ለማሽኑ 30ኛ ቀን የሌለው ፌብሩዋሪ በመሆኑ የጥቅምት 30 ሽያጭም እንዲሁ ወደ ኅዳር ተሻግሯል። ገጹን ቀደድሁት።

ቀጥሎ መጠኑ አሳሳተኝ። ክሎርፌኒራሚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት ሽያጭ ከሌላው ከሴትሪዚን እጅግ የሚበልጥ መስሎ የታየኝ ፍሬ በፍሬ ስለቆጠርሁ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለስሌት ያስቀመጠው የአዋቂ ዕለታዊ መጠን ለሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ፍሬ ሲሆን፣ ለክሎርፌኒራሚን ግን 12 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 4 ሚሊ ግራሙ ሦስት ፍሬ ነው። በቀናት ስቆጥረው ልዩነቱ ጠበበ። ሎራታዲን የተባለው ሦስተኛው የአለርጂ መድኃኒት ያለቀባቸው ሳምንታትም ፈላጊ የጠፋባቸው መስለው ስለታዩ፣ የመጋዘኑን ቢን ካርድ (የገባና የወጣ መድኃኒት የሚመዘገብበትን ካርድ) ከሽያጩ ጎን ለጎን ማንበብ ግድ ሆነብኝ።

መድኃኒቱ ለምን እንደተገዛ ግን ከየትኛውም ዓምድ አላገኘሁም። አንድ ቀን አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ ያቺን ቢጫዋን ስጠኝ» አሉኝ። «ምንዎን ያሳክክዎታል፣ እማማ?» ብላቸው፣ «ኧረ ምንም አያሳክከኝ! እሷን ካልዋጥሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ። ቢጫዋ ፍሬ፣ ክሎርፌኒራሚን፣ ወደ አንጎል ስለምትዘልቅ ታስተኛለች፤ አረጋውያንን ግን ግራ ልታጋባና ልትጥል እንደምትችል አስረድቻቸው ሐኪም እንዲያዩ መከርኋቸው። በመዝገቤ ውስጥ እርሳቸው ለሁለት ዓመት የአለርጂ ታማሚ ሆነው ተቆጥረዋል።

ከዚያ ወዲህ የተገዛበትን ምክንያት የምትይዝ አንዲት ሳጥን በሶፍትዌሩ ላይ አስጨምሬአለሁ፤ ወረፋ ሲበዛ ግን ገንዘብ ተቀባይዋ «ሌላ» የሚለውን እየተጫነች ታልፋለች።