ባሮ ዳር አሮጌ መጋዘን ለማደስ ላሰባችሁ

ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር፣ ከድሮው ወደብ ሰፈር አንድ አሮጌ መጋዘን አድሰን ጀልባ መጠገኛና የወጣቶች ማንበቢያ አድርገነዋል። ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር አንድ ክረምት ሙሉ ባልከሰርን ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሰፈሩ ተራ ሰፈር አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ ሱዳንን ይገዙ ለነበሩት እንግሊዞች ባሮ ላይ የንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ሸቀጥ ይዞ ይመጣ፣ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። ይህን ያየ ግድግዳ ፈርሶ በብሎኬት ሲተካ ዝም ብለን ማየት አልቻልንም።

ኮሚቴ ማቋቋሙ፣ ጽዳቱ፣ ቆርቆሮ መቀየሩ አላስቸገረንም። ያቃጠለን ግድግዳው ነው።

ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ማያያዣው ኖራ። ሥራውን ሊያይ የመጣው ባለሙያ «በሲሚንቶ ካልተለሰነ አልፈርምም» አለ። ቅርስ እንዲህ አይነካም ብለን የቅርስ አጠባበቅ አዋጁን፣ ቁጥር 209/1992ን ይዘን ሄድን። ገልጦም አላየው። አብረውን የሚሠሩት ሽማግሌ ግንበኛ «ልጄ፣ ይሄን ሲሚንቶ ክረምቱ ያራግፈዋል» አሉኝ። ፊርማው ከሌለ ደግሞ ቀሪው ገንዘብ አይለቀቅም። ተለሰነ።

ሐምሌ ላይ ግድግዳውን በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ልስኑ በሰፋፊው እየተገነጠለ ወደቀ፣ የድንጋዩን ፊት ይዞ። ከኋላው ርጥብ ነው፤ ላዩ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ወጥቷል። ኖራ ከመሬት የሚሳበውን እርጥበት ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ይዘጋበታል። መውጫ ያጣ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጨዉ ድንጋዩን ይፈረፍራል። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበሩት መጻሕፍት ሻገቱ። ባለሙያውን ስንጠራው «አሠራራችሁ ነው» ብሎን ሄደ። እስካሁን ያንገበግበኛል። መቶ ዓመት ለመቆም ምንም ያልጎደለው ድንጋይ በአንድ ሰው ፊርማ ተላጠ!

የቀረውን ሲሚንቶ በመሮ፣ ቀስ እያልን አነሳን። በመዶሻ ብቻ ከመታችሁት ድንጋዩ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኖራና በአሸዋ ለሰንነው። የጋምቤላ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ ጠዋት ማታ ውኃ አርከፍክፉበት። ሽማግሌው ጆንያውን እየገለጡ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ጥፍር ካስገባ ገና ነው ይላሉ።

ማንም ምንም ቢላችሁ አሮጌ የኖራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አታስነኩ። ፊርማው ይዘግይ። ከላይ ያሉትን የነፋስ ማስገቢያዎችም ድፈኑ ስትባሉ እሺ አትበሉ። ባሮ ሲሞላ ከተማ ይገባልና ሶኬት ከወገብ በላይ አድርጉ።

አሁን በታችኛው ክፍል ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ይጠግናሉ፣ ማታ ተማሪዎች ያነባሉ። በዚህ ሥራ እኮራለሁ። ኖራ መግዛት የምትፈልጉ ግን በበጋ ግዙ፤ መንገዱ ሲበላሽ ዋጋው አይቀመስም፣ ከመለሰናችሁ በፊትም ውኃ ውስጥ ብዙ ሳምንት መቆየት አለበት።