ላስቲኩን ያሰረው ሌላ ሰው ነው፣ ቡችሎቹን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ

መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። ስድስቱንም ቡችሎች አንድ በአንድ እያነሳሁ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከተወለዱ ሶስተኛ ቀናቸው ነበር፣ እናታቸው ዶበርማን የሚባለው የውሻ ዘር ናት፣ እኔ ደግሞ እስከዛ ቀን ድረስ ጭራ ያለው ዶበርማን አይቼ ስለማላውቅ "ለምን ይቆረጣል" ብዬ እንኳን አልጠየኩም፣ የጠየኩት "ማን ይቁረጥልኝ" ብዬ ነው። አንድ የሩቅ ዘመድ አለን፣ ስንት ጊዜ ሰርቼዋለሁ የሚል፣ እሱ መጣ። በኪሱ የያዘው ወረቀት የሚታሰርበትን አይነት ላስቲክ ነበር። ሌላ ምንም አልያዘም።

"ምንም አይሰማቸውም፣ አይናቸው እንኳን ገና መች ተገለጠ" አለኝ። እኔም አመንኩት፣ ማመን ስለፈለኩ ነው መሰለኝ።

ነገርዬው እንዲህ ነው፣ ጭራው ይቀራል በተባለበት ቦታ ላይ ላስቲኩን ሶስት አራት ጊዜ ይጠመጥሙታል፣ ደም ይቋረጣል፣ ከዛ በታች ያለው በጥቂት ቀን ውስጥ ጠቁሮ ደርቆ ይወድቃል ነው ሀሳቡ። "እንደ እትብት በለው" አለኝ። ያኔ አባባሉ ተመችቶኝ ነበር። እትብት ግን ስሜት የለውም። የውሻ ጭራ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 20 አካባቢ ትናንሽ አጥንቶች አሉ፣ የጀርባ አጥንት ቀጥሎ ቀጥሎ የሚያልቀው እዛ ነው፣ በዛ ላይ ጅማት አለ፣ ደም ስር አለ፣ ነርቭ አለ። እኛ ያደረግነው ህይወት ያለውን አካል ደም ከልክለን እንዲበሰብስ መጠበቅ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የመጀመሪያው ቡችላ ላስቲኩ ሲጠብቅበት መዳፌ ላይ እንደ ትል ተጥመለመለ፣ አፉን ከፍቶ የጮኸው ጩኸት ከዛች ሰውነት ይወጣል ብዬ የምገምተው አይነት አልነበረም። እናትየው ከጎረቤት ክፍል በሩን በጥፍሯ እየቧጠጠች ነበር። አራተኛው ላይ "በቃ ይቅር" ማለት እችል ነበር። አላልኩም፣ አራቱ ታስረው ሁለቱ ቢቀሩ አይመሳሰሉም ብዬ። እስካሁን የሚያናድደኝ ያ ምክንያት ነው።

ደግሞ "አይሰማቸውም" የሚለው ነገር ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ቡችሎች ጭራቸው ሲቆረጥ ተከታትሎ ሁሉም በሀይል እንደጮኹ መዝግቧል። ህመምን ወደ አእምሮ የሚወስደው መስመር ሲወለዱ ጀምሮ ይሰራል፣ ዘግይቶ የሚዳብረው ህመሙን የሚያበርደው መስመር ነው። ስለዚህ ጨቅላ መሆናቸው ህመሙን ሊያባብሰው ይችላል እንጂ አይቀንሰውም። ከዛ በኋላ ተኝተው ሲጠቡ አይቶ "ይኸው ረሱት" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ቡችላ ግን ሲያመውም ይጠባል፣ ሌላ ምን መፅናኛ አለው?

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የመጀመሪያዋን ሌሊት እናትየው አልተኛችም። እየዞረች ላስቲኩን ትልሳለች፣ ትልሳለች፣ ቀጥሎ በፊተኛ ጥርሶቿ መንከስ ጀመረች። ይሄንን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እናት ውሻ ልጇ ላይ ያለውን ቁስል ዝም ብላ አታይም፣ የታሰረውን ልትፈታ ስትል ጭራውን እራሱን ልታደማው ትችላለች። ከእናታቸው ልለያቸው ደግሞ አልችልም፣ የሶስት ቀን ቡችላ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፣ በመጀመሪያው ሳምንት በብርድ መንቀጥቀጥ እንኳን አይችልም፣ ሙቀቱ እናቱና ወንድሞቹ ናቸው።

በአራተኛው ቀን ሽታ መጣ። የሞተ አይጥ ሶፋ ስር ያለ ነው የመሰለኝ፣ እቤቱን ሁሉ ፈተሽኩ፣ ሽታው የሚመጣው ከቡችሎቹ ሳጥን ነው። የአራቱ ጫፍ ጠቁሮ ደርቋል፣ እንደተባለው። የአንዷ ግን አልደረቀም፣ አብጦ ሀምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። በኋላ ሀኪሟ እንዳስረዳችኝ ላስቲኩ ላልቶባት ነው፣ ሲላላ የሚዘጋው ደም የሚመለስበት ስር ብቻ ነው፣ የሚያስገባው ክፍት ነው፣ ደም ይገባል አይወጣም፣ ስጋው ሳይሞት ሳይድን መሀል ላይ ይቀራል። ስድስተኛው፣ ትንሹ፣ ጭራው ስር መግል ቋጥሯል፣ እብጠቱ ወደ ወገቡ ወጥቷል፣ ጡት አጠገብ ባስቀምጠውም አይጎርስም።

የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አወጣሁት። ከሁለት ቀን በፊት 260 ግራም ነበር፣ 235 አለ። ጤነኛ ቡችላ በየቀኑ ነው የሚጨምረው፣ በሳምንት በአስር ቀን የተወለደበትን እጥፍ ይደርሳል፣ ክብደት የቀነሰ ጨቅላ ቡችላ ማለት "ነገ እንየው" የማይባልበት ነገር ነው። ሆዱን ስነካው ቀዝቅዟል። እኔ ጀግናው ምን አደረኩ መሰላችሁ፣ በመርፌ ሲሪንጅ ወተት ልሰጠው ሞከርኩ። የቀዘቀዘ ቡችላ ወተት አይሰጠውም! አንጀቱ ስራ አቁሟል፣ ወተቱ እዛው ይቀመጣል ወይ ወደ ሳንባው ይገባል፣ መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ነው የሚሞቀው። ሀኪም ጋ ይዤው ስደርስ በህይወት ነበር። ማታውን አልቆየም።

ሀኪሟ አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብላ ነው ያስረዳችኝ፣ ብዙውን እዚህ የምፅፈውም ከሷ የሰማሁትንና ከዛ በኋላ እራሴ ያነበብኩትን ነው።

በመቀስ ወይ በቢላ የሚቆርጡም አሉ፣ "ላስቲክ ያሰቃያል፣ አንዴ ቆርጦ መገላገል ነው" የሚሉ። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንስራው። 300 ግራም የሚመዝን ቡችላ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ 25 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ፎጣው ላይ "ትንሽ ነው የደማው" የምትሉት 5 ሚሊ የደሙ አንድ አምስተኛ ነው። በዛ ላይ አዲስ የተወለደ ቡችላ ደም የሚያረጉት ነገሮች ገና አልሞሉለትም። ዶበርማን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ፎን ዊለብራንድ የሚባል ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ በዘር የሚተላለፍ ችግር ይሄ ዘር ላይ በብዛት ይገኛል፣ ከውጭ አይታወቅም፣ አንዳንዴ መኖሩ የሚታወቀው የዛኑ ቀን ጭራው ተቆርጦ ደሙ አልቆም ሲል ነው። እኛ መቀስ ባለመጠቀማችን እድለኞች ነን ማለት ነው፣ እድል ከተባለ።

ከዛ ደግሞ የት ጋ እንደሚቆረጥ። በጣም አጥብቆ ወደ ላይ የቆረጠ ሰው ፊንጢጣ አካባቢ ያሉትን ጡንቻዎች ይነካል፣ ጭራን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች እዛ አካባቢ ነው የተያያዙት። ቆዳ ሳያስተርፍ የቆረጠ ደግሞ አጥንቱን እላዩ ላይ ምንም ሳይሸፍነው ይተወዋል፣ ኢንፌክሽን አጥንት ውስጥ ከገባ ቀላል ነገር አይደለም። ቆሻሻ መቀስ ቴታነስም ያመጣል፣ ውሻ ከሰው ይልቅ ይቋቋመዋል እንጂ አይዘውም ማለት አይደለም።

የሰው ማስታገሻ ልስጠው የሚል ካለ እባካችሁ። አይቡፕሮፌን ጨጓራና ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ፓራሲታሞል ጉበቱን፣ አስፕሪን ጭራሽ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። በግራም ለሚመዘን እንስሳ ክኒን ሸርፎ መስጠት የሚባል ነገር የለም። ቁስሉ ላይ አልኮል ማፍሰስም እንደዛው፣ ያቃጥላል፣ ሲተን ሙቀት ይዞበት ይሄዳል፣ የተረፈውን እናቱ ትልሰዋለች።

ለምን እንደሚቆረጥ ሳነብ በጣም የገረመኝ ነገር ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ኮሉሜላ ቡችላ በ40 ቀኑ ጭራው ቢቆረጥ የእብድ ውሻ በሽታ አይዘውም ብሎ ፅፏል፣ ሰውም አምኖት ኖረ። አሁን የሚባለው ደግሞ ሲያድግ ጭራው እንዳይጎዳ ነው። እሱንም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የእንግሊዞች ጥናት አይቶታል፣ አንድ ውሻ ጭራው እንዳይጎዳ ለማዳን 500 የሚሆኑ ውሾች ጭራቸው መቆረጥ አለበት ነው ያለው። ኖርዌይ ለመልክ ተብሎ መቁረጥን እ.ኤ.አ. በ1987 ከልክላለች፣ ስዊድን በ1989፣ እንግሊዝ ለስራ ውሾች ቀዳዳ ትታ በ2006 ባወጣችው ህግ አግዳለች፣ እሱም ቢሆን ቡችላው አምስት ቀን ሳይሞላው በሀኪም እጅ ብቻ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሀኪሞች ማህበርም ለመልክ መቁረጥን ይቃወማል። ጭራው ተሰብሮ፣ እጢ ወጥቶበት፣ ወይ ግድግዳ እየመታ አልድን ብሎ በማደንዘዣ ኦፕራሲዮን የሚቆረጥለት ውሻ አለ፣ እሱ ህክምና ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

አሁን ይሄን እያነበባችሁ ያለቀ ነገር እጃችሁ ላይ ካለስ? እየደማ ከሆነ ንፁህ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) አድርጎ በሁለት ጣት ያዝ ማድረግ ነው፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ፣ በየመሀሉ ገለጥ እያደረጉ ማየት የለም፣ ባያችሁት ቁጥር የረጋው ይነሳል። ቡና ምናምን አይነሰነስበትም። ቡችላው እንዲሞቅ አድርጋችሁ ወደ ሀኪም። ላስቲክ ከታሰረና ገና አሁን ከሆነ ቆዳውን ሳይነኩ በጥንቃቄ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፣ ከጠቆረ ወይ ካበጠ ግን አትጎትቱት፣ እንዳለ ውሰዱት። ድዱ የነጣ፣ የቀዘቀዘ፣ መጥባት ያቆመ፣ የሚሸት ከሆነ የዛኑ ሰዓት ነው። ሀኪሙ ማን ቆረጠው ሲላችሁ እውነቱን ተናገሩ፣ እኔ መጀመሪያ "እናቱ ነክሳው ነው" ብዬ ዋሽቻለሁ፣ በዛም ጊዜ ጠፍቷል።

አራቱን ለሰው ሰጠሁ። ላስቲኩ የላላባትን አስቀረኋት፣ ድንቡሼ ትባላለች፣ በማደንዘዣ ሁለተኛ ተቆርጦላት ነው የዳነችው። አሁን ትልቅ ውሻ ናት። የቀረላት አንድ አውራ ጣት የምታህል ጉቶ ናት፣ እቤት ስገባ ጭራ የሌላት ስለሆነ ወገቧ በሙሉ ነው የሚወዛወዘው፣ ሰው ይስቅባታል። ሌሎች ውሾች ግን ምን እንደምትል አይገባቸውም መሰለኝ፣ ልትጫወት ስትሄድ ቆም ብለው ያይዋታል። የጉቶዋ ጫፍ ላይ የተቆረጠ ነርቭ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል ብላኛለች ሀኪሟ፣ ኒውሮማ ይሉታል። አጥቤያት በፎጣ ሳደርቃት እዛ ጋ ስደርስ ዝም ትልና ዞር ብላ እጄን ታየዋለች።