ስቲክ ከጫፉ ነው የሚመረጠው፦ የፑል ልምምድ ማስታወሻ

ስቲክ፣ ማለትም የፑል ኳስ የሚመታበትን ዘንግ፣ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ክብደቱ ነው፤ ቀጥሎ ስለ እጀታው ጌጥ። በስቲኩ በቀጥታ የምትመታው ነጯ ኳስ ግን እጀታውን አታውቀውም። አቅጣጫዋንና ሽክርክሪቷን የሚወስነው ጫፉ ላይ የተለጠፈው ቆዳና ከጀርባው ያለው አንድ ስንዝር ያህል የዘንጉ ክፍል ነው። ንክኪው ከአንድ እስከ ሁለት ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ስለሚያልቅ የኋላው ክፍል ወደ ጎን ለመንቀሳቀስ እንኳ ጊዜ አያገኝም። እጀታው፣ ክብደቱና ሚዛኑ ለእጃችን ናቸው። ስለዚህ በልምምድ የተጠራቀመው ማስታወሻ እዚህ ከጫፍ ወደ ኋላ ተደርድሯል፤ ለግዢም የሚያዋጣው ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

የጫፉ ውፍረት በፑል ስቲክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ11.75 እስከ 13 ሚሊሜትር ነው። ስኑከር የሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ስቲክ ከ9 እስከ 10 ገደማ ይሆናል፤ ኳሷም አነስ ትላለች፣ 52.5 ሚሊሜትር፣ የፑሏ 57.15 ነች። ቀጭን ጫፍ ነጯን የት ላይ እንደምትመቱ በግልጽ ያሳያል፤ የፊት ክብደቱም ይቀንሳል፣ ይህ ለምን እንደሚጠቅም ዝቅ ብሎ ይመጣል። ቀጭን ጫፍ በራሱ ብዙ ሽክርክሪት ይሰጣል የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ሽክርክሪቱን ከፍጥነቱ ጋር የሚያመዛዝነው ከመሃል ምን ያህል ርቃችሁ እንደመታችሁ ነው። መሃሉን መምታት ያቃተውን ሰው 13ም አያድነውም። ገና ለሚጀምር ከ12.4 እስከ 12.75 ያለው ጥሩ ነው።

ስለ ጥንካሬው ብዙ ይወራል። ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ ተብሎ ይሸጣል፤ ግን የአንዱ አምራች መካከለኛ የሌላው ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ በስሙ ብቻ አትመኑ። ለስላሳው፣ እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ የሚቀባውን ጠመኔ ይይዛል፣ ድምፁም ዝግ ያለ ነው፤ በተመታ ቁጥር ግን እየተጨፈለቀ ወደ ጎን ይወጣል። ጠንካራው ቅርጹን ይጠብቃል፣ ጉልበቱንም በደንብ ያስተላልፋል፤ ፊቱ ግን ቶሎ ልሙጥ ይሆንና ጠመኔ አልይዝ ይላል። ከአንድ ወጥ ቆዳ የተቆረጠው ርካሽ ሆኖ አንዱ ከሌላው ይለያያል፤ ስስ የአሳማ ቆዳ ተደራርቦ የሚሠራው ወጥነቱ የተሻለ ነው፤ በደነዘዘ ምላጭ ከቆረጣችሁት ግን ንብርብሩ ይላቀቃል። መካከለኛና ንብርብር የሆነውን ይዞ መቆየት ለአብዛኛው ተጫዋች ይበቃል።

ክብነቱ ላይ የሚደረገው ክርክር ደግሞ ከሚገባው በላይ የተጋነነ ነው። የተለመዱት ሁለት ቅርጾች ናቸው፦ አንደኛው 10.6 ሚሊሜትር፣ ሌላው 9 ሚሊሜትር ገደማ ሬዲየስ ያለው። ስቲኩን ከመሃል በእኩል ርቀት ብታስቀምጡት ይበልጥ የከበበው ነጯን የሚነካው ከሌላው በ3 ወይም በ4 በመቶ ያህል ብቻ ወደ ውጭ ወጥቶ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ዙሪያውን እኩል ክብ መሆኑና ፊቱ ሻካራ መሆኑ ነው። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ቆዳ ስቲኩ በእጃችሁ ውስጥ ሩብ ዙር በዞረ ቁጥር ሌላ ስቲክ ይሆናል።

ከመሃል ሊራቅ የሚቻለው እስከ ምን ድረስ ነው? የኳሷን ሬዲየስ ግማሽ ያህል፣ ማለትም 14 ሚሊሜትር ገደማ። ከዚያ ካለፈ ይንሸራተታል። በዓይን ለመለማመድ ባለ መስመር ኳስ ውሰዱና መስመሩን ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጋችሁ እንደ ነጯ ተጠቀሙባት፤ በአብዛኞቹ ኳሶች የመስመሩ ጠርዝ ከዚህ ወሰን ጋር ይቀራረባል። ከመታችሁ በኋላ ኳሷን አንስታችሁ የጠመኔውን ምልክት እዩ። መሃል ላይ መታሁ ያለ ሰው ምልክቱን 5 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ሲያገኘው ስቲክ ከመቀየሩ በፊት ምን መሥራት እንዳለበት ይገባዋል። መንሸራተት ሲደጋገም ደግሞ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ እንደ መስታወት ያብለጨለጨ ቆዳ ነው፤ በሻካራ ወረቀት ቀለል አድርጎ መቧጨር፣ ጠመኔውንም እንደ ቡሽ ማሽከርከር ትቶ በቀስታ እየጠረጉ ፊቱን ሙሉ ማልበስ ይበቃል።

ቆዳው ጎኑ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ሲወርድ ይቀየራል። አሮጌውን በምላጭ አንሱ፤ ሥሩ ያለው ነጭ ቀለበት፣ ፌሩል የሚባለው፣ ላይ የቀረውን ማጣበቂያ አጽዱ። እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚበላሸው። ሰው ሻካራ ወረቀቱን በጣቱ ይዞ ሲያሸው የፌሩሉ ጠርዝ ይከባል፤ አዲሱ ቆዳ መሃሉ ብቻ ይጣበቅና በመጀመሪያው ጠንካራ ምት ይበራል። ወረቀቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፋችሁ ስቲኩን ቀጥ አድርጋችሁ አዙሩት። የቆዳውንም ሥር እንዲሁ ሻካራ አድርጉት፣ ስስ የሱፐር ግሉ ጄል ቀቡ፣ መሃል አስተካክላችሁ ተጫኑ፤ በደንብ እስኪደርቅ ተዉት። ከዚያ ጫፉን ወደ ታች ሳንቃ ላይ ተክላችሁ ጎን የተረፈውን በስለታም ምላጭ ከርክሙ፣ ጎኑን ምራቅ ነክታችሁ በቁራጭ ቆዳ እስኪያብለጨልጭ እሹት። አዲስ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጨዋታ ስለሚታመቅ ጎኑን እንደገና መከርከም ያስፈልጋል፤ ይህ የጥራት ጉድለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ፊት ዘንጉ ወይም ሻፍቱ እንምጣ። ነጯን በቀኝ ጎኗ ስትመቷት ስቲኩ ካመለከተበት መስመር ትንሽ ወደ ግራ ትሸሻለች፤ በግራ ስትመቷት ወደ ቀኝ። ዲፍሌክሽን የሚሉት ይህን ሽሽት ነው። ምክንያቱ ኳሷ መሽከርከር ስትጀምር ጫፉን ወደ ጎን ስለምትገፋው ነው፤ ጫፉ ከባድ ከሆነ በተራው እሷን ይገፋታል፣ ቀላል ከሆነ ራሱ ይሸሽላታል። ዝቅተኛ ዲፍሌክሽን ተብለው የሚሸጡት ሻፍቶች ሥራቸው ይኸው ብቻ ነው፦ ጫፋቸው ቀዳዳ ያለው፣ ፌሩላቸው አጭርና ቀላል፣ ወይም ግድግዳው ስስ የሆነ የካርቦን ቱቦ። ካርቦን ሁሉ ግን ሽሽቱ ዝቅተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ጫፉ ውስጥ ምን እንደተሞላ ይወስነዋል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ትታችሁ ለኩት።

መለኪያው የገንዘብ ወጪ የለውም። ነጯን አስቀምጡና ከፊቷ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ሌላ ኳስ በቀጥታ መስመር ላይ አኑሩ። የፊት እጃችሁን ከነጯ 25 ሳንቲሜትር ላይ ትከሉ። መሃል ለመሃል አነጣጥሩ። ከዚያ የፊት እጁ ሳይነቃነቅ የኋላ እጃችሁን ወደ ግራ አንቀሳቅሳችሁ ጫፉ የነጯ ቀኝ ጎን ላይ እንዲያርፍ አድርጉና ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ነጯ ሌላዋን ኳስ ሙሉ በሙሉ ከመታቻት እዚያው ቆማ ትሽከረከራለች፤ እንግዲያው የዚያ ስቲክ ልክ 25 ነው። ወደ ቀኝ ከሄደች የፊት እጁ ለነጯ ቀርቧል፣ በ3 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ አርቁት። ወደ ግራ ከሄደች አቅርቡት። ዝግ ያለ ምት አይሆንም፤ ነጯ በመንገድ ላይ ስለምትታጠፍ ውጤቱን ያበላሸዋል። ስቲኩም በተቻለ መጠን ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ይሁን። ቁጥሩ በረዘመ ቁጥር ሽሽቱ ያነሰ ነው ማለት ነው። ግን ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ ምርጡ አይደለም። የሚመቸው እናንተ በተፈጥሮ የፊት እጃችሁን ከምታስቀምጡበት ርቀት ጋር የሚቀራረበው ነው፤ ያኔ የኋላ እጃችሁ ትንሽ ወደ ጎን ብትሳሳት እንኳ ስቲኩ ራሱ ስህተቱን ያካክስላችኋል።

ከተራ ሻፍት ወደ ዝቅተኛ ዲፍሌክሽን የተሻገረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይሳሳታል፦ በቀኝ ሽክርክሪት ሲመታ ነጯ ከታሰበው ወደ ቀኝ ታልፋለች። ዓይኑ የድሮውን ሽሽት አስቀድሞ እያካካሰ ስለነበር ነው። ስህተቱ ወደ ሽክርክሪቱ ጎን ከሆነ መልመድ ይፈታዋል። ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ግን ችግሩ ክንዱ ነው።

ሻፍቱ እየወፈረ የሚመጣበት መንገድም በእጅ ይሰማል። አንዱ ዓይነት ከጫፉ ጀምሮ 30 ሳንቲሜትር ያህል በእኩል ውፍረት ይሄድና ከዚያ ይወፍራል፤ ሌላው ከጫፉ ጀምሮ ወጥ እያለ ይወፍራል። ጣታቸውን ስቲኩ ላይ አጥፈው ለሚይዙ የመጀመሪያው፣ ስቲኩን በአውራ ጣታቸው ሥር ከፍተው ለሚያስቀምጡ ሁለቱም።

ክብደት። በአውንስ ይሸጣል፤ አንድ አውንስ 28.35 ግራም ነው። ከ18 እስከ 21 አውንስ፣ ማለትም ከ510 እስከ 595 ግራም ያለው የተለመደው ነው፤ የዓለም ፑል ማኅበር ደንብ እስከ 25 አውንስ ይፈቅዳል። ከባድ ስቲክ በጣም ይመታል የሚለው አባባል በስሌት ሲታይ ቀጭን ነው። ክንዱ በእኩል ፍጥነት ቢንቀሳቀስ፣ 170 ግራም የምትመዝን ኳስ ከ18 ወደ 21 አውንስ በመሄድ የምታገኘው ተጨማሪ ፍጥነት ከ4 በመቶ በታች ነው፤ ክብደቱ ክንዱን ካዘገየው ደግሞ እሱም ይጠፋል። 19 አውንስ ላይ ጀምሩ። ምቱ ከአቅም በላይ እየሆነ ነጯ ልትቆም ከሚገባት ቦታ ካለፈች ትንሽ ከበድ ያለው ያረጋጋል፤ ለስለስ ያለ ምት ላይ ከቸገራችሁ ቀለል ያለውን ሞክሩ።

ሚዛኑን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስቲኩን አንድ ጣት ላይ አጋድሙና የሚቆምበትን ነጥብ ከኋላው ጫፍ ጀምራችሁ ለኩ፤ 46 ወይም 47 ሳንቲሜትር አካባቢ የተለመደ ነው። ብዙ ስቲኮች ከኋላው ጎማ ሥር የክብደት ብሎን አላቸው፤ ጎማው ተነቅሎ በረጅም ቁልፍ ይቀየራል። በ19 አውንስ ስቲክ ላይ አንድ አውንስ እዚያ ብትጨምሩ የሚዛኑ ነጥብ ወደ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል። ክብደት የጨመራችሁ መስሏችሁ የቀየራችሁት ሚዛኑን ነው፤ ጫፉ ቀለለኝ፣ ይንሳፈፍብኛል የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ርዝመቱ 57 ወይም 58 ኢንች ለአብዛኛው ሰው ይሆናል። ቁመቱ ከ190 ሳንቲሜትር በላይ የሆነ ሰው የኋላ እጁ ከእጀታው ጫፍ ላይ ስለሚደርስ ከ59 እስከ 60 ወይም ማራዘሚያ ያስፈልገዋል። ማረጋገጫው ጫፉ ነጯን ሊነካ ሲል የኋላው ክንድ ከክርን በታች ወደ ወለሉ ቀጥ ብሎ መውረዱ ነው። ሻፍቱና እጀታው የሚገናኙበት መጋጠሚያ ብረት ሆነ እንጨት በጨዋታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ የመጋጠሚያውን ብሎን ዓይነት ግን መዝግቡ፣ በኋላ ሻፍት ብቻ ስትገዙ ካልገጠመ ዋጋ የለውም።

አሮጌ ስቲክ ስትገዙ መጀመሪያ ፈታችሁ ሻፍቱን ብቻውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንከባልሉ። ከሥሩ ክፍተት መታየቱ ችግር አይደለም፤ እየቀጠነ የሚሄድ ዘንግ መሃሉ ሊነሳ ይችላል። እየተንከባለለ ክፍተቱ ከሰፋና ከጠበበ ግን ጎብጧል። ሻፍቱም እጀታውም ለየብቻ ደህና ሆነው ሲገጠሙ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የመጋጠሚያው ፊት ነው፤ መጀመሪያ ቆሻሻ እንዳለበት እዩ። ከዚያ የኋላውን ጎማ ወለል ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጣል አድርጉና አድምጡ። የሚርገበገብ ድምፅ ካለ ከላላ የክብደት ብሎን፣ ከተሰነጠቀ ፌሩል ወይም ካልጠበቀ መጋጠሚያ ነው፤ የመጀመሪያው በቀላሉ ይስተካከላል፣ ሁለተኛው ወጪ አለው።

ሁለት ስቲኮችን ስታነጻጽሩ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ በሞቀ ክንድ ይጫወታል። አሥር ምት በዚህ፣ አሥር በዚያ እያላችሁ አፈራርቁ፤ ቀጥተኛ ምት፣ ወደ ኋላ የምትመለስ ነጭ፣ ከጎን ሽክርክሪት ጋር ረጅም ምት። መዝገቡ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ «12.4፣ መካከለኛ ቆዳ፤ 545 ግራም፤ ሚዛን 46፤ የሽሽት ልክ 31፤ ቀጥተኛ 17 ከ20»። የመጀመሪያው ቀን ውጤት አይቆጠር፤ አዲስ ስቲክ የያዘ ሰው ከወትሮው ይበልጥ ይጠነቀቃል።

የተደረደሩትን ኳሶች የሚበትነውን መክፈቻ ምት በዚሁ ስቲክ መምታት ቆዳውን ቶሎ ይጨፈልቀዋል። የተለየ የመክፈቻ ስቲክ ካስፈለገ ጠንካራ ጫፍ ያለው፣ ክብደቱ ከመጫወቻው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ያነሰ ይሁን። ነጯን በሌላ ኳስ ላይ ለማዝለል የሚሆነው አጭር ስቲክ ደግሞ በደንቡ ከ40 ኢንች ማነስ የለበትም።

የእንጨት ሻፍት በጥብቅ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ወዲያው ይደርቃል። በሻካራ ወረቀት የማሸት ልማድ ውፍረቱን በዓመት ውስጥ በሚታይ መጠን ይቀንሰዋል፣ የቀነሰውም አይመለስም። ካርቦኑ አልኮል በነካ ጨርቅ ይጸዳል። ሁለቱንም ፈትታችሁ በመያዣቸው አስቀምጡ፤ ግድግዳ ላይ አዘንብሎ የተተወ ወይም ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ የቆየ የእንጨት ስቲክ ሊጎብጥ ይችላል።