ሁሉም አስተባባሪ፣ ውሃ የሚያፈላ ግን የለም

ጅማ ላይ የቡና ላኪዎችን፣ ከውጭ የሚመጡ ገዢዎችን፣ ገበሬዎችንና ተመራማሪዎችን የሚያገናኝ የሁለት ቀን ጉባኤ ነበር። የሰው ኃይሉን እንድይዝ ስጠየቅ ከስራው ጋር አንድ የስም ዝርዝር ተረከብኩ። ዝርዝሩ ላይ ዋና አስተባባሪ፣ ምክትል አስተባባሪ፣ የሎጂስቲክስ አስተባባሪ፣ የፕሮቶኮል አስተባባሪ አለ። ውሃ የሚያፈላ፣ ወንበር የሚያነሳ፣ ጄኔሬተሩ ጋ የሚቆም ሰው የለም። ሹመቱ ታድሎ አልቋል፤ ስራው ገና አልታደለም።

ዝርዝሩን ወደ ጎን አልኩና ባዶ ወረቀት ላይ ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ በየግማሽ ሰዓቱ ከፋፈልኩት። በሩን ማን ይከፍታል? ማይኩን ማን ይሞክራል? ናሙናውን ማን ያወጣል? ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት አንድ ስም ብቻ ጻፍኩ። ሁለት ስም የተጻፈበት ስራ አይሰራም፤ አንደኛው "እሱ ያደርገዋል" ብሎ ይተወዋል።

ሰው ከአዲስ አበባ እናምጣ ያሉ ነበሩ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና የሚመጣ ሰው ደክሞት ይደርሳል፣ ማደሪያና አበል ይፈልጋል፣ ከተማውንም አያውቀውም። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው የጅማ ሰፈር ሄደህ ይህን አምጣ ሲባል መጀመሪያ መንገድ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚያ ያመጣሁት እዚህ ላጣሁት ሙያ ብቻ ነው፦ አስተርጓሚና የድምፅ ባለሙያ። የቀረውን ከጅማ ሞላሁት፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።

ለምዝገባ ጠረጴዛ የጠየቅኩት መስፈርት አፋን ኦሮሞና አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሰው ለጠረጴዛው ይበቃል። በጅማ ዙሪያ ካሉት ቡና አብቃዮቹ ጎማ ወይም ሊሙ የመጣ ገበሬ በር ላይ በእንግሊዝኛ ከተቀበሉት ወደ ኋላ ይልና የግቢው ዛፍ ስር ይቆማል፤ ጉባኤው ደግሞ የእሱን ቡና ነው የሚሸጠው። ሲቪ አላነበብኩም። እኔ አርፍዶ የመጣ፣ ስሙ ዝርዝር ላይ የሌለ፣ የተቆጣ እንግዳ ሆኜ ቀረብኩ። አብዛኞቹ "አንዴ ይጠብቁ፣ አለቃ ልጠይቅ" አሉኝ። አንዲት ልጅ ግን ባዶ ባጅ ሳበች፣ ስሜን በእጇ ጻፈችና "ይግቡ ጋሼ፣ ሻይ ላይ ናቸው፤ የቀረውን እኔ አስተካክላለሁ" አለች። የምዝገባው ኃላፊ እሷ ሆነች።

በጣም የደከምኩበት ክፍል የቡና ቅምሻው ነው። ከውጭ ለሚያየው ስኒ የተደረደረበት ጠረጴዛ ነው። በዓለም አቀፉ የቅምሻ አሰራር ግን ለአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይቀርባል፣ ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል፣ ቡናው ከተቆላ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ማረፍ አለበት፣ ከ24 ሰዓት ግን መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የቅምሻው ቡድን ስራ የሚጀምረው በዋዜማው ከሰዓት ነው። ስምንት ናሙና ያለበት አንድ ጠረጴዛ አርባ ስኒ ማለት ነው፤ ውሃው ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። የሚፈለገው ሙቀት 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ገደማ ላይ ነው። ቆላ ላይ ቢሆን የፈላውን ትንሽ አቆይቶ መቅዳት ይቻላል፤ እዚህ ማንቆርቆሪያው ከምድጃው እንደወረደ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ ለየጠረጴዛው ሁለት ቀጂ፣ አንድ ሰዓት ያዥ፣ አንድ የቀማሾቹን መትፊያ የሚቀይር መደብኩ። በባዶ ስኒና በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመን ተለማመድን፤ ልጆቹ ሳቁብኝ፣ ግን እጃቸው ተስተካከለ።

የቡናው ሽታ እንዳይሸፈን ሽቶ ከልክዬ ነበር፤ ሎሽንም ጭምር። ለመስተንግዶ የሚመጡ ልጆች አምረውና ሽቶ ተቀብተው መምጣት ነው የለመዱት፣ ስለዚህ ይህን ቀድሜ በግልጽ መንገር ነበረብኝ። ሆቴሉ መግቢያ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘው ቡና የሚያፈሉትን እናትም ጠጋ ብዬ "እትዬ፣ ዕጣኑን ለከሰዓት ያቆዩልኝ" ስላቸው "ያለ ዕጣን የሚፈላ ምን ዓይነት ቡና ነው?" ብለው ገላመጡኝ። እውነት አላቸው። ከምሳ በኋላ እንደልብዎ ተባብለን ታረቅን።

የናሙናዎቹን መለያ ቁጥር የሚይዘውን ሰው መምረጥ ግን ከሁሉ ከበደኝ። የትኛው ቁጥር የማን ቡና እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ "የኔ የትኛው ነው?" የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። ጅማ ውስጥ በቡና ንግድ ዘመድ የሌለው ሰው መፈለግ ምን እንደሚመስል ጅማ የኖረ ያውቀዋል። በመጨረሻ ከአንድ የጤና ተማሪ ጋር ተስማማን፤ ዝርዝሩን ፖስታ ውስጥ አሽጎ ኪሱ ከተተ፣ ምሳውንም ከእኛ ጋር ሳይሆን ብቻውን በላ።

ሁለተኛው ቀን አርብ ነበር። ጁምዓ አለ፣ የኦርቶዶክስ ጾም አለ። ወጥ ቤቱን ከመነሻው ለሁለት ከፍዬዋለሁ፦ የሙስሊምና የክርስቲያን ስጋ የሚያበስለውም የሚያቀርበውም የተለያየ ነው፣ ጭልፋውም አይቀላቀልም። የጾም ምግቡ ራሱን የቻለ ጠረጴዛ አለው። የምሳ ሰዓት ምድቡን ግን እኔ አላወጣሁትም፤ ልጆቹን ተነጋገሩበት አልኳቸው። ሙስሊሞቹ ወደ ሶላት ሲሄዱ ክርስቲያኖቹ መስመሩን ሊይዙ፣ እነሱም በምትኩ የማታውን ማጽዳት ሊሸፍኑላቸው ተስማሙ። እኔ ባወጣው ኖሮ አንዱ ወገን ማኩረፉ አይቀርም ነበር።

ገንዘብን በተመለከተ ሁለት ነገር ላይ አልተደራደርኩም። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ ሳያስፈቅድ የሚያወጣው ትንሽ ጥሬ ገንዘብ እጁ ላይ እንዲኖር ነው። የገንዘብ ያዡ ፊት ተለወጠ፤ ደረሰኝ፣ ፊርማ፣ ማጽደቂያ አለ። ግን ሐሙስ ንግግር መሃል መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩም ወዲያው ተነሳ፤ ቴክኒሺያኑ ናፍጣውን ማለዳ በያዘው ገንዘብ ሞልቶት ነበር። እኔን ፈልጎ ቢመጣ በዚያ ሰዓት የገበሬዎቹን መኪና ልቀበል ውጭ ነበርኩ።

ሁለተኛው የቀን ክፍያ ነው፤ በዚያው ምሽት በቴሌብር ይገባል። ብዙ ቦታ ልጆቹ ያገለግሉና ክፍያው "ይወራረዳል" እየተባለ ወር ይሻገራል። በማግስቱ ፊታቸው ላይ ታየዋለህ። ሰዓቱንም እመዘግባለሁ፦ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ቀን ስምንት ሰዓት ያደርገዋል። ከዚያ የተረፈው በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው በ1.75 ይባዛል። በዋዜማው ሌሊት ከናሙናው ጋር ያመሹት ልጆች ሂሳባቸውን አይተው ተሳስተሃል ብለው ደወሉልኝ፤ በዛ ማለታቸው ነው።

ከስፖንሰሮቹ አንዱ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ልጆች አይቶ "እነዚህ ምን ይሰራሉ?" አለኝ። ምንም፣ ለዚያ ነው የቀጠርኳቸው አልኩት። አልተዋጠለትም። ከአጋሮ የሚመጣ መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ግን አንደኛው ሚኒባስ ተኮናትሮ ሄዶ ገበሬዎቹን አመጣ። ስራ ያለው ሰው ቢሄድ የእሱ ቦታ ባዶ ይቀር ነበር። ከበጀቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ቦታ ነው፤ እኔ ምግብ ቀንሼም ቢሆን አልሰርዘውም።

ተማሪዎቹ ከገንዘቡ እኩል የፈለጉት የስራ ልምድ ደብዳቤ ነው። "ተሳትፏል" የሚል ወረቀት ስራ ፍለጋ ላይ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ለየአንዳንዳቸው የሰሩትን ዘርዝሬ ጻፍኩ፦ ይህን ያህል እንግዳ መዝግባለች፣ የቅምሻ ጠረጴዛ መርቷል፣ ወጪ አወራርዷል። ማህተሙ ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ ረቂቁን ከጉባኤው በፊት ልኬ፣ ታትሞ በአስተርጓሚው እጅ እንዲመጣ አድርጌ ነበር። አርብ ማታ ወንበሩ ተነስቶ ሲያልቅ ከባጁ ጋር ተቀያየርን፤ ባጁን መልሶ ያስረከበ ደብዳቤውን ይዞ ሄደ።