ካሽ ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። «ካሽ ልፈልግ ወጣሁ» አልኳት ባለቤቴን። ቡናዋን እያማሰለች፣ ቀና እንኳን ሳትል «እሱንማ ማን የማይፈልግ አለ» አለችኝ። ታክሲ ልነዳ የወጣሁ መስሏታል።

ቃሉ ያሳስታል። በእንግሊዝኛ ሲነገር ከጥሬ ገንዘብ አይለይም፤ ትርጉሙ ግን የተደበቀ ዕቃ ነው። ጨዋታው ጂኦካቺንግ ይባላል። አንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ደብቆ ቦታውን በቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። ሌላው ቁጥሩን ጂፒኤሱ ውስጥ አስገብቶ ፍለጋ ይወጣል። ሲያገኘው ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ይፈርምና እንደነበረ ይመልሰዋል። በቃ ይኸው ነው። ኩኩሉ ማለት ነው፣ «አልነጋም» የሚል ብቻ የለም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ ቀን ተሳፋሪዬ ቤት በሌለበት፣ ጫካ ዳር «እዚህ አውርደኝ» አለኝ። እጁ ላይ ወፍራም የድሮ ሞባይል የሚመስል ነገር ይዟል። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፣ እሱም አስረዳኝ። ሳምንት ሳይሞላ ጋርሚን ኢትሬክስ 20 የሚባል ያገለገለ የእጅ ጂፒኤስ በ60 ዶላር ገዛሁ።

በስልክም ይቻላል። ግን ስልኬ የእንጀራዬ ነው፤ ድንጋይ ላይ ወድቆ ቢሰበር ሰኞ ሥራ የለም። ኢትሬክሱ በሁለት ተራ ባትሪ ድንጋዮች ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ዝናብም አይፈራም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ፣ ምንም አልሆነም።

ጨዋታው የተጀመረበትን ቀን ሳነብ ገረመኝ። በፈረንጆቹ እስከ 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። እስከ 100 ሜትር ያሳስት ነበር ማለት ነው። በዚያ ዓመት በሜይ 2 ማዛባቱ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ቆመ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ጥቁር ባልዲ ጫካ ዳር ደብቆ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት። ባልዲው ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ የታሸገ ባቄላ ነበር። ዛሬ ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ አውሬ ሸትቶት ይመጣል።

የመጀመሪያ ፍለጋዬ ስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር ነበር። የአሥር ዓመት ልጄን ይዣት ሄድኩ። የመሣሪያውን ቀስት ተከትለን ስንሄድ፣ ስንሄድ፣ የሆነ ሰው አጥር ጋ ደረስን። ከአጥሩ ወዲያ ግቢ ነው። ውሻ አለ። ልጄ «አባ፣ ይሄ ጫካ አይደለም» አለችኝ። እኔም አይቼዋለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጂኦካቺንግ ላይ ቦታ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ (የሰዓት ሳይሆን የዲግሪ 60ኛ ክፍል) ነው፤ ከደቂቃው ነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ይከተላል። የእኔ ጂፒኤስ ግን ከቀድሞ ባለቤቱ ሲመጣ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ተስተካክሎ ነበር። ነጥብ 450 የሚለውን 45 ሰከንድ ነው ብዬ አስገባሁት። ነጥብ 450 ደቂቃ ግን 27 ሰከንድ ነው። ያቺ የ18 ሰከንድ ልዩነት ወደ ሰሜን ብቻ ከ500 ሜትር በላይ ወሰደችን። ስለዚህ ጀማሪ ከሆንክ ከቤት ሳትወጣ ሴቲንግ ውስጥ ግባና የቁጥሩን አጻጻፍ አስተካክል። ዋናው ጊዜህ የሚባክነው እዚያ ነው።

በሳምንቱ በትክክለኛው ቁጥር ተመለስን። መሣሪያው «4 ሜትር ቀረህ» ይላል። ቆምኩ። ቀስቱ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ኋላ። እኔም እንደሱ ተሽከረከርኩ። ልጄ በሳቅ ሞተች። ለካ ኢትሬክስ 20 የራሱ ኮምፓስ የለውም። አቅጣጫ የሚያውቀው እየተራመድክ ሲሆን ብቻ ነው። ስትቆም ግራ ይገባዋል። ከላይ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ካለ ደግሞ ይባስ ብሎ ቁጥሩ ራሱ ይዋልላል። አሁን መሣሪያውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ትንሽ እንዲረጋጋ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ኪሴ እከተዋለሁ።

ኪስ መክተቱን ለመማር ብዙ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ቀኑን ሙሉ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚለኝን ድምፅ ለምጄ፣ ቀስቱ ዕቃው ላይ ጣቴን እንዲያሳርፍልኝ ነበር የምጠብቀው። እሱ ግን የአዲስ አበባ ሰው ነው የሚመስለው። «ማደያው ጋ ስትደርስ ገባ በል፣ ከዚያ ደውል» ይልሃል። ሰፈሩ ድረስ ያደርስሃል፣ ቀዩን በር የምትፈልገው አንተ ነህ። የሚደወልለት ግን የለም። ስለዚህ ዓይንህን ትጠቀማለህ። እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር? የትኛው ቅርፊት ነው ከግንዱ ጋር የማይመሳሰል? ያን ቀን ስላይጎ ላይ ያገኘችው ልጄ ናት፤ ከወደቀ ግንድ ሥር፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የፊልም ዕቃ። ወረቀቱ ላይ ስሟን በአማርኛ ጻፈች። «መ»ዋ ተገልብጣለች፣ ግን ማንም አያውቅባትም።

ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹን ሳጥኖች ነው የምትወደው። ውስጣቸው ፈላጊዎች የሚለዋወጡት ትንንሽ ዕቃ አለ። የሆነ ነገር ከወሰድክ በዋጋ የማያንስ ነገር ማስቀመጥ አለብህ። አንድ ጊዜ ትንሽ ዳይኖሰር ወስዳ አንበሳ ያለበትን የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጠች። አጎቷ ከአገር ቤት ያመጣላት ነው። መንገድ ላይ ቆጫት፣ ተመልሰን ልንወስደው ነበር። ኋላ ግን ራሷ «ተይው» አለች፣ ለራሷ።

ክፉ ቀንም አለ። አንድ ምሽት ገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ የመብራት ምሰሶ እግር ላይ ያለውን የብረት ሽፋን ብድግ አድርጌ እያየሁ ነበር። እዚያ ሥር መደበቅ የተለመደ ነው። የጥበቃ ሠራተኛ በባትሪ ፊቴን አበራብኝ። እኔን የሚመስል ሰው በጨለማ ምሰሶ ሥር አጎንብሶ ሲታይ ምን እንደሚታሰብ መናገር አያስፈልግም። ደንግጬ መጀመሪያ የመለስኩለት በአማርኛ ነበር። ወረቀቱን አሳየሁት፣ መሣሪያውን አሳየሁት፣ በመጨረሻ ለቀቀኝ። አሁን ከመሸ አልሄድም። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የተደበቁትንም ትቻቸዋለሁ። ሲጀመርም ጣዕም የላቸውም።

መዥገርን ግን ከጥበቃ በላይ እፈራዋለሁ። እዚህ ላይም የሚባል በሽታ ያስይዛል። ሱሪ ካልሲ ውስጥ መክተት ያስቃል፣ ቢሆንም ክተት። ቤት ስትገባ ገላህን በደንብ እይ። ሦስት ሦስት ሆነው የሚበቅሉ ቅጠሎች ያሉበት ሐረግ ውስጥም እጅህን አትስደድ። ፖይዝን አይቪ ሊሆን ይችላል፣ እኔን ለሁለት ሳምንት አሳክኮኛል። በብርዱ ወራት ይሻላል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሳተላይቱም ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ዓይንም ሩቅ ያያል።

ባለፈው ማርች ባለቤቴም መጣች። ኖርዝዌስት ብራንች ወንዝ አጠገብ፣ ትልልቅ ቋጥኝ ያለበት ቦታ ነው። እኔና ልጄ መሣሪያው ላይ ተደፍተን ስንከራከር እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ወዲህ ወዲያ አለች። «ይሄ ድንጋይ በራሱ እንዲህ አልተቀመጠም» ብላ አነሳችው። ሥሩ አረንጓዴ የወታደር ሣጥን። እኛ 6 ሜትር ርቀን ነበር የቆምነው።

ከፈተችው። አንድ እርሳስ፣ የረጠበ ደብተር፣ የላስቲክ ዳክዬ። ሁሉንም አንድ በአንድ አውጥታ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እና ካሹስ?»