ቡቺ፣ ደወሉና ምንጣፉ

ባለፈው ሳምንት ቤታችን በዓል ነበር። 14 ሰው፣ ከነዚህ ውስጥ አምስቱ ልጆች። ውሻዬ ቡቺ ማንንም አልነከሰም፣ ከበር አላመለጠም፣ አላስመለሰም። ለሌላው ሰው ይህ ወሬ አይደለም። ለእኔ ግን ሦስተኛ ሙከራዬ ነበር፤ ያለፉትን ሁለቱን ብታዩ ታዝኑልኝ ነበር።

የመጀመሪያውን በአጭሩ ልለፈው። አንድ እንግዳ በፍቅር ብዛት የበሰለ አጥንት ወረወረለት፣ እኔም ዝም አልኩ። የበሰለ አጥንት እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ሊወጋ እንደሚችል የተማርኩት በዚያው ሌሊት፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ተቀምጬ ነው። አሁን እንግዳ ከመቀመጡ በፊት እናገራለሁ፦ ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ዛይሊቶል (በስኳር ፈንታ የሚገባ ማጣፈጫ) ያለበት ማስቲካ አይሰጥም። የሽንኩርት ተንኮሉ ደግሞ ቶሎ አለመታወቁ ነው። የሚጎዳው ቀይ የደም ሴሎችን ስለሆነ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። «በልቶ ምንም አልሆነም» የሚሉ ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው።

በሁለተኛው በዓል ያደረግኩት ግን እስካሁን ያሳፍረኛል። የአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ፣ ቡቺ ጋደም ባለበት አንገቱን አቀፈችው። ፊቱን አዞረ። ከንፈሩን ላሰ። አዛጋ። እኛ የጭንቀት ምልክት መሆኑን ሳናውቅ «ምስኪን፣ ደክሞታል» ብለን ሳቅን። ከዚያ አጉረመረመ። ሰው ፊት አፈርኩና ጮህኩበት፤ አፍንጫውንም መታሁት። ጸጥ አለ። እኔም ጎበዝ አሰልጣኝ የሆንኩ መሰለኝ።

ለካ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ የተወው መናገሩን ብቻ ነው። ከወራት በኋላ ሌላ ልጅ ሲጠጋው ድምፅ ሳያሰማ ድርቅ ብሎ ቀረ፤ የዓይኑ ነጭ ታየ። ወዲያው ጥርሱን ቀጭ አድርጎ አየሩን ነከሰ። ልጁ ጋ አልደረሰም። ቢደርስ ኖሮ ሁላችንም «ሳይታሰብ ነከሰ» እንል ነበር። ማስጠንቀቂያውን ያፈንኩት እኔ ነኝ። «ሲያጉረመርም ቅጣው» የሚል ሰው ስሰማ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፦ ሲጨንቀው የሚሄድበት ቦታ እንዲኖረው። ከበዓሉ ስምንት ሳምንት ቀድሜ አንድ አሮጌ ምንጣፍ ጥግ ላይ አነጠፍኩ። ሲረግጠው ጉርሻ፣ ሲተኛበት ሌላ ጉርሻ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከአምስት ደቂቃ ሳላስበልጥ። በሁለት ሳምንት «ቦታህ» ስለው እየሮጠ ይሄድ ጀመር።

ደወሉ ሲጮኽ ግን ሁሉም ገደል ገባ። እየጮኸ በሩ ላይ ይንጠለጠላል። የደወሉን ድምፅ በስልኬ ቀድቼ በጣም ዝቅ አድርጌ አሰማው ጀመር፤ ደወል፣ ጉርሻ፣ ደወል፣ ጉርሻ። በሦስተኛው ቀን ቸኮልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። እንደገና ከዜሮ። ይህን ስህተት ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ፣ አትፍረዱብኝ። በመጨረሻ ባለቤቴን ደጅ አቁሜ እውነተኛውን ደወል አስደወልኳት። በ20ኛው ላይ «ለመሆኑ የሚሠለጥነው ማንኛችሁ ነው?» አለችኝ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ደወሉ ሲጮኽ በሩን ትቶ ወደ ምንጣፉ ሮጠ። እናቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት። «ለዚህ ነው የደወልከው?» አለች።

የምንጣፉ ሕግ አንድ ነው፦ እዚያ ላይ ያለ ውሻ አይነካም። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ገባቸው። ያስቸገሩኝ «እኔን ውሻ ይወደኛል» የሚሉ አዋቂዎች ናቸው። ለእነሱ እስካሁን መድኃኒት አላገኘሁም።

እውነቱን ለመናገር ምንጣፉም ያቆየው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ሳይሞቀው ያለከልክ፣ ወዲህ ወዲያ ይል ጀመር። መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን ቆለፍኩ፤ ውሃና የሚያኝከው ነገር ተውኩለት። መጀመሪያ የተሸነፍኩ መሰለኝ። እሱ ግን ተጋድሞ ተኛ። ክፍሉን ቀድማችሁ አለማምዱት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘጋበት በበዓሉ ቀን ከሆነ ሲያላዝን ይውላል። ስልክ ቁጥራችሁ ያለበት የአንገት ማሰሪያ ደግሞ እቤትም ቢሆን አይውለቅ፤ እንግዳ በር ዘግቶ አይገባም።

ትናንት ማታ ጥፍሩን ስቆርጥለት ቀስ ብሎ አጉረመረመ። አፍንጫውን ከመታሁት ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። መቁረጫውን አስቀምጬ ተውኩት። ባለቤቴ «ደስ ያለህ ትመስላለህ» አለችኝ። ጥፍሮቹ አሁንም እንደረዘሙ ናቸው።