አንድ የዩዝኔት አካውንት ለሦስት ኮምፒውተር፦ አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ

በቤታችን ሦስት ኮምፒውተሮች ቢኖሩም የዩዝኔት (በኢንተርኔት ላይ ያለ የቆየ የውይይት ቡድኖች መረብ) አካውንታችን አንድ ነው፤ ሰርቨሩም በአንድ ጊዜ ከ8 ግንኙነት በላይ አይቀበልም። የሰርቨሩን አድራሻና የይለፍ ቃሉን በሦስቱም ላይ ማስገባት፣ ፖርቱንም (የግንኙነቱን በር ቁጥር) ለተመሰጠረ ግንኙነት ወደ 563 መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር። አካውንቱን የሰጠን ድርጅት መመሪያ የተፈቀደውን ግንኙነት በሙሉ መጠቀም ይሻላል ስለሚል በእያንዳንዱ ላይ 8 ብዬ ሞላሁ። ሦስት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሚሆን ግን አላሰብኩም።

በማግስቱ ማታ የማንበቢያ ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ደጋግሞ ይጠይቀኝ ጀመር። ሰርቨሩ የመለሰው ግንኙነት መብዛቱን የሚገልጽ የ502 ኮድ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ኮዱን ደብቆ ባዶ የይለፍ ቃል ሳጥን ብቻ ያሳየኛል። እኔም አምኜው የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ሌሎቹ ሁለት ኮምፒውተሮች በአሮጌው የይለፍ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኳኩ አድረው ጠዋት አካውንቱ ተቆልፎ አገኘሁት። ለድጋፍ ክፍሉ ብጽፍ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና እንድጭን መከሩኝ፤ እኔም ሞኝ ሆኜ በሦስቱም ላይ አደረግሁት። ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር የተለዋወጠውን የሚጽፍበትን መዝገብ (ሎግ) የከፈትኩት ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ 502 በየመስመሩ ተደርድሯል።

ግንኙነቱን 3፣ 3 እና 1 አድርጌ ባከፋፍልም ችግሩ ጠዋት ጠዋት ይመለስ ነበር። ጥፋተኛው የላፕቶፑ ክዳን ሆኖ ተገኘ። ክዳኑ ሲዘጋ ማሽኑ «ኩዊት» የሚለውን የስንብት ትእዛዝ ሳይልክ ስለሚተኛ፣ ሰርቨሩ የሞተውን ግንኙነት የጊዜ ገደቡ እስኪያልፍ ድረስ እንደ ሕያው ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አርኤፍሲ 3977 (የዩዝኔት ግንኙነት የሚመራበት የደንብ ሰነድ) ይህ ገደብ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ እንዲሆን ይመክራል፤ የእኛ ሰርቨር ግን ከዚያ በጣም አብዝቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ክዳኑን ከመዝጋት በፊት ፕሮግራሙን መዝጋት ግድ ነው፤ መመሪያው ምንም ቢል አንድ ግንኙነት ሁልጊዜ ትርፍ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ሁልጊዜ በሚበራው ኮምፒውተር ላይ ሊፍኖድ የሚባለውን ትንሽ የቤት ውስጥ የዩዝኔት ሰርቨር ፕሮግራም ጫንኩ። ጽሑፎቹን እሱ ብቻ ከውጭ ያመጣል፤ ሌሎቹ በቤት ውስጥ በፖርት 119 ከእሱ ያነባሉ። ይህን ፖርት በራውተሩ ላይ ወደ ውጭ መክፈት አያስፈልግም። ይህ አሠራር ለጽሑፍ ውይይት እንጂ ትልልቅ ፋይል ለሚያወርድ ሰው አይመችም። ደግሞም የጽሑፎች ተራ ቁጥር በየሰርቨሩ ስለሚለያይ፣ «ተነብቧል» የሚሉት ምልክቶች በሙሉ ተዘበራርቀው ለዓመታት ያነበብኩት ሁሉ እንዳልተነበበ ሆኖ ጠበቀኝ።